ጉዳዩ፦ ቡችላ ቁጥር ሦስት

የካቲት 3

ለተከበሩ የውሻ አርቢ እመቤት፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰንብተዋል? ቤቱ፣ ግቢው፣ ውሾችዎ፣ በተለይም አራሷ እንዴት ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

የላኩልኝ ቅጽ ደርሶኛል። አርባ ጥያቄ መሆኑን ሳይ መጀመሪያ የመንጃ ፈቃድ ፈተና በስህተት የደረሰኝ መስሎኝ ነበር። ከላይ "በስልክ አላናግርም፤ በስልክ ሁሉም ሰው ደግ ነው" ብለው የጻፉትን ግን ወድጄዋለሁ። እኔም ደንበኞቼን በስልክ አላምናቸውም። "ትንሽ ነጠብጣብ ናት" ይሉኛል፤ ሲያመጡት ካፖርቱ ቀለም ውስጥ ነክረው ያወጡት ይመስላል።

ቦታው ስለጠበበኝ መልሶቼን በራሴ ወረቀት ጽፌያለሁ። ግልጽ የሆኑትን ዘልዬ ዋና ዋናዎቹን እነሆ፦

ጥያቄ 1፦ ላውንደሪ አለኝ። አርባ አንድ ዓመት ሆነው።

ጥያቄ 4፦ የለም፣ አንድም ውሻ ኖሮኝ አያውቅም። ልጅ ሳለሁ የጎረቤት ውሻ ነክሶኝ ያውቃል፤ እሱ ቁጥር ውስጥ ከገባ ግን አንድ።

ጥያቄ 12፦ እንኳን ውሻ ልመታ፣ ካውያም በኃይል አላስቀምጥም።

ጥያቄ 15፦ አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነች። ውሻ በጣም ትወዳለች። ፊርማዋን ከታች ያገኙታል።

ጥያቄ 17፦ አዎ፣ ለውድድር የምትበቃዋን ነው የምፈልገው። ሜዳው ውስጥ ይዣት የምገባውም እኔው ራሴ ነኝ። ምክንያቱን ለመጻፍ አንድ መስመር አልበቃኝም።

ጥያቄ 22፦ በረኪና በጭራሽ! ለነጭ ጸጉር ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ነው። በዚህ በኩል እንኳን ፈተና ቢጨምሩብኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ 31፦ አልገባኝም። ይቅርታ።

አክባሪዎ፣
የላውንደሪው ባለቤት


የካቲት 12

ለላውንደሪው ባለቤት፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አራሷ ደህና ናት። ከሃያ ሁለት አመልካች ስለ አራሷ የጠየቀኝ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ነው ይህ መልስ የተጻፈልዎት።

ጥያቄ 31 ትርጉም የለውም። ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። ከእርስዎ በቀር ሁሉም ገብቷቸው በሰፊው መልሰውልኛል። አንዱማ ከሕይወቱ ምሳሌ ሰጥቶበታል።

የነከስዎት ውሻ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

አሁን አሠራሬን ልንገርዎት። ቡችሎቹ አራት ናቸው፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው። ስም አላወጣላቸውም፣ ስም የሚያወጣ የሚወስዳት ሰው ነው። በአወላለዳቸው ተራ ቁጥር አንድ እስከ ቁጥር አራት ይባላሉ። የትኛዋ ለውድድር እንደምትበቃ ከስምንት ሳምንት በፊት የሚናገር አርቢ ካጋጠመዎት ኪስዎን ይጠብቁ። በስምንተኛው ሳምንት ጠረጴዛ ላይ አቆማቸዋለሁ፤ ጥርስ፣ ጀርባ፣ ጅራት፣ አቋቋም አያለሁ። ከዚያ በፊት ሁሉም ቡችላ ቆንጆ ነው።

እስከዚያ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። አንድ ጨርቅ ይያዙና ሰባት ቀን አብረውት ይተኙ። ከዚያ በፖስታ ይላኩልኝ። እሱን ሳያዩ ቡችሎቹ አይመርጡም፤ እነሱ ሳይመርጡ እኔ አልሰጥም።

ጥያቄ 17ን ደግሞ በሚገባ ይመልሱልኝ። ወረቀት ቢያንስዎት ይጨምሩ።

አርቢዋ


የካቲት 26

ለተከበሩ አርቢ፣

እንደምን አሉ? አራሷስ በረታች? ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሰባቱን ቀን ለመሙላት ነው።

ጨርቁን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። እንዳሉት አንድም ቀን ሳላጓድል ተኝቼበታለሁ። እንዲያሳፍረኝ ስላልፈለግሁ ከመላኬ በፊት ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ ስታርች አድርጌ ተኩሼዋለሁ። ጠርዙ ላይ የነበረችውንም የድሮ ቆሻሻ አስለቅቄያታለሁ። ጥራቱን ሲያዩ ስለ እኔ ብዙ ነገር እንደሚረዱ ተስፋ አለኝ።

አሁን ወደ ጥያቄ 17 ልምጣ። በየዓመቱ ከውሻ ውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት ሱቄ በኮት ይሞላል። ተወዳዳሪዎቹ ውሾቻቸውን ይዘው የሚገቡበትን ልብስ የሚያመጡት ወደ እኔ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አንዱ ኮቱን ረስቶ ሄደ። እኔ እየሮጥኩ ወሰድኩለት። ሰውየው ኮቱን ነጥቆኝ ገባ፤ እኔ አጥሩ ላይ ቀረሁ። ከዚያ አየሁት። ውሻውን ይዞ ሲዞር አንድም ሽብሽባት የለበትም፤ ትከሻው ልክ፣ እጅጌው ልክ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። እኔ የተኮስኩት ኮት ነው የተጨበጨበለት፣ እመቤቴ። እኔ ውጭ ቆሜ።

ሌላ ምክንያት የለኝም። አርባ አንድ ዓመት ሰው ፊት የሚቆምበትን ልብስ ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ኮቱ ውስጥ ሆኜ ልግባ።

አክባሪዎ፣
የላውንደሪው ባለቤት


መጋቢት 4

ለላውንደሪው ባለቤት፣

ሰላም ነው? ጥቅሉን ስፈታ የሰርግ ጥሪ የመጣልኝ መስሎኝ ነበር። በሠላሳ ስድስት ዓመት ብዙ ዓይነት ጨርቅ ተልኮልኛል። ካልሲ ተልኮልኛል፣ የትራስ ልብስ ተልኮልኛል፣ አንድ የባቡር ሹፌር ኮፍያውን ልኮልኛል። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ አራት ማዕዘን ታጥፎ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ ደረሰኝ ተያይዞበት የመጣ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ወንድሜ፣ የፈለግሁት ጨርቁን አይደለም፤ ሽታህን ነው! ሳጥናቸው ውስጥ አነጥፈዋለሁ፣ የትኛዋ ሄዳ እንደምትተኛበት አያለሁ። ሽታህን ለምዳ የመጣች ቡችላ ቤትህ ስትገባ የእንግዳ ቤት አይሆንባትም። አንተ የላክህልኝ ጨርቅ ሳሙና ሳሙና ይላል። አራቱም አሽትተው አለፉት። ቁጥር አንድ ብቻ ተመልሳ መጥታ ሸናችበት፤ ንጹሕ ነገር ስታይ አያስችላትም።

አንተ ማለቴን አስተውለህ ይሆናል። ሽታውን አጥቦ የሚልክ ሰው አንቱ ለማለት ምላሴ እምቢ አለኝ። በዕድሜም እበልጥሃለሁ።

ሌላ ጨርቅ ላክ። አትጠበው፣ አትተኩሰው፣ ካውያ ባለበት ክፍል እንኳ አታሳልፈው።

ጥያቄ 17ን አንብቤዋለሁ። ሁለቴ።

እንደ ልማዴ ለእህትህም ለብቻዋ ጽፌያለሁ። ቅጹ ላይ ለፈረመ ሰው ሁሉ እጽፋለሁ። ውሻ በጣም ስለምትወድ ደብዳቤዬ ደስ እንደሚላት እገምታለሁ።

አርቢዋ


መጋቢት 9

ለተከበሩ አርቢ፣

እባክዎን ይህን ደብዳቤ ከእህቴ ደብዳቤ በፊት ያንብቡት። ዘግይቶ ከደረሰም እንደ ቀደመ ይቁጠሩልኝ።

ፊርማው የእትዬ አይደለም። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

እትዬን አያውቋትም። ሠላሳ አራት ዓመት ዳይሬክተር ነበረች። የወላጁን ፊርማ አስመስሎ የመጣ ተማሪ ገና በሩ ላይ ሳለ ታውቀዋለች፤ ወረቀቱን ሳትቀበል "እጅህን አሳየኝ፣ ቀለሙ አልደረቀም" ትለዋለች። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ሰው ሲፈልግ ዓይኑ ይታወራል።

ውሻ ትጠላለች አልልም። የምትጠላው ጸጉር ነው። ጡረታ ከወጣች ጀምሮ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ ከሱቄ የሚወጣውን ልብስ ሁሉ በመነጽር ትመረምራለች። አንዲት ጸጉር ያገኘችበትን "ድገም!" ብላ ትመልስብኛለች። ስድሳ ሊሞላኝ ነው፣ እመቤቴ፤ አሁንም ክፍል እየደገምኩ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ነጭ ጸጉር ያላት ውሻ ይዤ ልገባ ነው ብዬ እንዴት አስፈርማት?

ደብዳቤዎን ሰኞ ዕለት ከፖስተኛው እጅ የተቀበለችው እሷው ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላለችም። እራት ላይ "ጨው አቀብለኝ" ብቻ አለች። አቀበልኳት። ምግቡ ጨው እንደበዛበት ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሁለተኛውን ጨርቅ ልኬያለሁ። ጨርቅ ስላልኩ ነው እንጂ ሸሚዜ ነው። ሦስት ቀን ሳላወልቀው ሠርቼበታለሁ፣ ተኝቼበታለሁም። በሦስት ላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ስለ ሽታው አፈር ልሁን፤ እንዲህ ያለ ነገር ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ሴትየዋ አፍንጫዋን ስትይዝ "የሰው አደራ ነው" አልኳት። ይህም ውሸት ነው። መናዘዝ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ነው።

ቡችላዋን ቢከለክሉኝ አልቀየምም። ይገባኛል። ግን ባይከለክሉኝ።

የላውንደሪው ባለቤት


መጋቢት 18

ለላውንደሪው ባለቤት፣

እንዴት ነህ? የእህትህ ደብዳቤ ካንተ በሁለት ቀን ቀድሟል። እንደ ዘገየ ልቆጥረው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

አራት ገጽ ነው። ከእሱ ጋር የእኔን ደብዳቤ በቀይ ቀለም አርማ መልሳልኛለች። ሦስት ስህተት አግኝታለች፤ ሁለቱ እውነት ናቸው። በሦስተኛው ላይ አሁንም እየተጻጻፍን ነው።

ፊርማው የእሷ መሆኑን ጠይቄያት ነበር። "ፊርማው የእኔ ነው" ብላ ጽፋ ከሥሩ ፈርማለች። ሁለቱ ፊርማዎች በምንም አይመሳሰሉም። ይህን አልነገርኳትም። ሳታውቀው አልቀረችም።

የቀረውን ሦስት ገጽ ተኩል አልነግርህም። ካስቀመጠቻቸው ግዴታዎች አንዱን ብቻ ልንገርህ፤ ውሻዋ ከመተኮሻ ክፍሉ መጋረጃ ወዲያ አታልፍም። ቀሪዎቹን ከእሷ ስማ።

ስለ ሸሚዙ። ሳጥኑ ውስጥ እንዳነጠፍኩት ቁጥር ሦስት መጥታ አንገትጌው ላይ ተኛች። ሌሎቹ ሊጎትቱት ሲመጡ አጉረመረመችባቸው። ያኔ ስምንት ሳምንት እንኳ አልሞላትም ነበር፤ ባለ ንብረት ሆናለች። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸው። የቁጥር ሦስት ጥርስ እንደ መቀስ ይገጥማል። ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ አቋቋሟ የተረጋጋ ነው። ለውድድር የምትበቃዋ እሷ ናት። እንደ እሷ ያለ ካየሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሦስት ዋንጫ የበላ አንድ የሆቴል ባለቤት እሷኑ ይፈልጋል። እናቷ ከእንግዲህ አትወልድም፣ እኔም አዲስ አልጀምርም። እሷ የመጨረሻዬ ናት። ስለዚህ ሜዳ ሳትገባ ሶፋ ላይ እንድታረጅ አልፈልግም። ለአንተ ልያዝልህ የምችለው ይዘሃት መግባት ከቻልክ ብቻ ነው።

ቀጭን ገመድ ግዛ። በየቀኑ በክብ ተራመድ። ውሻዋ በግራህ ናት፣ ዓይንህ ፊት ለፊት፣ ትከሻህ ላላ። ውሻ የለኝም እንዳትለኝ፣ እንዳለች ቁጠር። ከአራት ሳምንት በኋላ የሆነውን ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

አርቢዋ


ሚያዝያ 16

ለተከበሩ አርቢ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? አራሷስ? ቁጥር አንድስ አሁንም ንጹሕ ነገር አያስችላትም?

ሳትደብቅ ስላሉኝ ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። ገመዱን ባለ ጎማው የልብስ ቅርጫት ላይ አስሬ በግራዬ እየሳብኩ ከሱቁ በስተጀርባ ዞርኩ። ቅርጫቱ ወደ ቀኝ ይስባል፣ አንድ ጎማው ይንጫጫል፤ ግን ታዛዥ ነው። በሁለተኛው ሳምንት መንገድ ላይ ወጣሁ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሹን ላጭቶ ሊያየኝ ወጣ። ባለ ፋርማሲዋ "ወንድሜ፣ ደህና ነህ?" ብላ በነጻ የደም ግፊቴን ለካችኝ። ትንሽ ከፍ ብሏል። ሰፈሩ ውስጥ "ሰውዬው ለየለት" እየተባለ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

እትዬ አንድ ቀን ሙሉ ከባንኮኒው ላይ ሆና በመስኮት ስታየኝ ዋለች። በማግስቱ የድሮ ፊሽካዋን ይዛ መጣች። "ጎንበስ አትበል፣ ምን የወደቀብህ ነገር አለ? ድገም!" ትለኛለች። ስለ ደብዳቤው አሁንም ምንም አላለችም። ፊሽካውን ብቻ ነው የምትነፋው። በእሷ ፊት ግን ይገርምዎታል፣ ጥሩ ነው የምሄደው።

ባለፈው ዓርብ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ ግቢ ወሰደችኝ። "ሰው ፊት ካልተለማመድክ ከቅርጫት ጋር ተጫወትክ ማለት ነው" ብላ። የዕረፍት ሰዓት ነበር። ከመቶ የሚበልጡ ልጆች ዙሪያውን ቆመው አዩኝ። ግማሽ ዙር ሄድኩ። ከዚያ እግሬ ቆመ። አልተሳሳትኩም፣ አልወደቅሁም፤ እግሬ ብቻ እምቢ አለ። ልጆቹ አልሳቁብኝም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። እትዬ መጥታ በክንዴ ይዛኝ ወጣች።

እመቤቴ፣ አስቤበታለሁ። እኔ የኋላ ክፍል ሰው ነኝ። አርባ አንድ ዓመት በመጋረጃ ተከልዬ ስሠራ የሰው ዓይን አለመድኩም። ቁጥር ሦስትን ለሆቴሉ ባለቤት ይስጡት። የመጨረሻዎ ናት። ሜዳው መሃል ከሚደርቅ ሰው ጋር አትበላሽ። ሸሚዙን ግን አብረው ይላኩላት፣ ከወደደችው።

ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የላውንደሪው ባለቤት


ሚያዝያ 24

ለላውንደሪው ባለቤት፣

የሆቴሉን ባለቤት ከአንድ ወር በፊት አሰናብቼዋለሁ። ጥያቄ 31 ላይ ሁለት ገጽ የጻፈው እሱ ነው። ያልነገርኩህ እንድትለማመድ ብዬ ነው።

የእህትህን ደብዳቤ አልነግርህም ብዬ ነበር። ቃሌን አጥፌ ከሦስተኛው ገጽ ጥቂት ልገልብጥልህ ነው። ስትቆጣኝ ለእኔ ትጻፍልኝ፤ መቼም ስህተቴን ማረም ትወዳለች።

"አባታችን ሲሞት ወንድሜ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ኮሌጅ ልገባ ነበር። ከሁለታችን አንዳችን ሱቁን መያዝ ነበረብን። ተመካክረን አይደለም፣ አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ካውያውን አሙቆ አገኘሁት። እኔ ተምሬ ዳይሬክተር ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። አሁንም አልጠየቀኝም፤ ሰርቆ ፈረመ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰረቁ ልጆችን ስቀጣ ኖሬ ይህን አንዱን ልለፈው። ፊርማው የእኔ ነው።"

እግርህ መቆሙን አንብቤያለሁ። መልሴ፣ ቁጥር ሦስት ማክሰኞ በጠዋቱ ባቡር ትመጣለች። ኮፍያውን የላከልኝ ሹፌር ይዟት ይመጣል። ቀድመህ ጣቢያው ላይ ተገኝ። ንጹሕ ልብስ አትልበስ።

ሜዳ መግባት አለመግባትህን ከእንግዲህ አልጠይቅህም። እሱን ከእሷ ጋር ተነጋገሩበት።

አርቢዋ


ሐምሌ 8

ለተከበሩ አርቢ፣

እንደምን ከርመዋል? ለሦስቱም ደብዳቤዎችዎ ሳልመልስ በመቆየቴ አፍሬያለሁ። ምክንያቴን እነግርዎታለሁ፤ ብዕሬን በልታብኛለች። ምሳሌ አይደለም።

ላነሷቸው ጉዳዮች በተራ ልመልስ። አዎ፣ ክትባቷን ጨርሳለች። አይ፣ ደረጃ አላስወጣትም፤ ተሸክሜ ነው። አይ፣ እህቴ አላባረረችንም፤ አስነጠሳት እንጂ አልተቆጣችም፣ አስነጠሰኝ ያለችውም ራሷ ናት። አዎ፣ ሁለት ሱሪ በልታለች። አንዱ የደንበኛ ነው።

ስም እስካሁን አላገኘንላትም። እኔ ያቀረብኳቸውን አሥራ አራት ስም እትዬ አንድ በአንድ ጣለቻቸው፤ "በዚህ ስም የምትጠራ ተማሪ ነበረችኝ፣ አይሆንም" እያለች። ስለዚህ አሁንም ቁጥር ሦስት ነው የምንላት። እሷም ለምዳዋለች። የወረፋ ቁጥር ስጠራ ሦስት ላይ ስደርስ ከደንበኛው ቀድማ ትመጣለች።

መጋረጃውን በተመለከተ፣ ግዴታው የጸናው ዘጠኝ ቀን ነው። በአሥረኛው ቀን እትዬን መተኮሻ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ አገኘኋት፤ ቁጥር ሦስት ጭኗ ላይ ነበረች። "ባንኮኒው ጋ ነፋስ አለ፣ ልጅቷ ብርድ ይመታታል" አለችኝ። እኔ አርባ አንድ ዓመት ያ ነፋስ ሲመታኝ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። ጸጉሩንስ ብዬ ጠየቅኳት። "ብሩሽ ለምን ተፈጠረ?" አለች።

በየማታው መንገድ ላይ በክብ እንዞራለን። ቅርጫቱን አስናቀችው። ውድድሩ ኅዳር ላይ ነው። መመዝገቤን ወይም አለመመዝገቤን አልጽፍልዎትም፤ እርስዎም አልጠየቁኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አክባሪዎ፣
የላውንደሪው ባለቤት


ኅዳር 14

ለተከበሩ አርቢ፣

እንዴት ሰነበቱ? እናቷ ደህና ናት? ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? እዚህ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ጥሩ ፀሐይ አለ። የፀጉር አስተካካዩ ሰላም ብሎዎታል። ባለ ፋርማሲዋም። እትዬም።

ስድስተኛ ወጣን። ከስድስት።

አሁን ከተናገርኩት በኋላ የቀረውን እነግርዎታለሁ። ኮቴን እኔው ነኝ የተኮስኩት፣ የእትዬን ምርመራ በመጀመሪያው አልፏል። ቁጥር ሦስት በዚያ ቀን እንዴት እንዳማረች ባዩልኝ። ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ሲያያት ጥርሷን አሳየችው፣ ጅራቷን ከፍ አደረገች። "ከየት አገኟት?" አለኝ። የእርስዎን ስም ስጠራ ራሱን ነቀነቀ፣ ደግሞም አንዴ ወደ እሷ አየ።

ከዚያ ስድስታችንም በክብ እንድንዞር ታዘዝን። ግማሹን ዞርኩ። እዚያው፣ ግማሹ ላይ፣ እግሬ ቆመ።

ሌሎቹ አለፉኝ። ዙራቸውን ጨርሰው በረድፍ ቆሙ። ዳኛው ሰዓቱን አየ። ቁጥር ሦስት አልሳበችኝም፣ አልተቀመጠችም። አራት እግሯን ተክላ፣ አንገቷን አቅንታ ጠበቀችኝ። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። ያኔ ከመቀመጫዎቹ መሃል አንድ ድምፅ "ቀጥል እንጂ!" ብሎ ጮኸ። እትዬ ናት፤ ሌላ ማን እንዲህ ይጮህብኛል? ድምፁ ጆሮዬ ላይ እንዳረፈ እግሬ ተነሣ።

ሌሎቹ ጨርሰው ስለነበር ሜዳው የእኔና የእሷ ብቻ ሆነ። የቀረውን ግማሽ ዙር ብቻችንን ሄድነው። ሁሉም ሰው የሚያየው እኛን ነበር፤ የሚያየው ሌላ ነገር አልነበረውማ። ትከሻዬ ላላ። ዓይኔ ፊት ለፊት። ሲያጨበጭቡ ማን ገባ ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም አልነበረም።

ዳኛው በሰጠኝ ወረቀት ላይ የጻፈው ይህ ነው፦ "ውሻዋ እጅግ የላቀች። ያዡ ብዙ ልምምድ ያስፈልገዋል። ኮቱ እንከን የለውም።" ሌላ ሰው ይዟት ቢገባ አንደኛ ትወጣ እንደነበር ራሱ በአፉ ነግሮኛል።

ስለዚህ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሥራዎን፣ የመጨረሻዎን፣ ስድስተኛ አደረግኋት። እፍረት ሊገድለኝ ይገባ ነበር። ግን እርስዎን ላልዋሽ ስለማልሁ እውነቱን ልንገርዎት፤ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የማፍረው በስድስተኛነቱ ሳይሆን ደስ በመሰኘቴ ነው።

እትዬን ቤት ስንገባ "ባትጮኺልኝ ኖሮ" አልኳት። ቁጥር ሦስትን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

የእርስዎው፣
የላውንደሪው ባለቤት


ኅዳር 21

ለላውንደሪው ባለቤት፣

ሰላም ነው? እናቷ ደህና ናት። ብርዱን ችዬዋለሁ።

መጀመሪያ ቁጣዬን ልጨርስ። ቁጥር ሦስት ስድስተኛ የምትወጣ ውሻ አይደለችም። ግራ እጅህ ወደ ሆድህ ተጠግቶ ነበር። ገመዱን አላልተኸዋል። መዞሪያው ላይ እግርህን አይተሃል፤ እግርህን አትይ ብዬ ጽፌልህ ነበር። ይህን ሁሉ ማን ነገራት እንዳትል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ በዓይኔ ነው ያየሁት።

የጋበዘችኝ እህትህ ናት። ትኬቱን በደብዳቤ ላከችልኝ፣ "ለወንድሜ አይነገርም፤ ካወቀ እግሩ ከበሩ ላይ ይቆማል" ብላ። ጎን ለጎን ነው የተቀመጥነው። ስለ ሦስተኛው ስህተት ውድድሩ እስኪጀመር ድረስ ተከራከርን። ረታችኝ።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ላስተካክልህ፣ እኔም በተራዬ ቀይ ቀለም ልጠቀም። አንተ ሜዳው መሃል ስትቆም እህትህ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ነበር። ትንፋሿም አይሰማም ነበር። "ቀጥል እንጂ" ብላ የጮኸችው እሷ አይደለችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ጽፈኸዋል። ጀርባህን ሰጥተኸን ስለነበር ግን ያላየኸው፣ ያልጻፍከውም ነገር አለ። ሠላሳ ስድስት ዓመት እነዚያ መቀመጫዎች ላይ ተቀምጫለሁ። ውሾቼ ስምንት ጊዜ አንደኛ ሲወጡ ተቀምጬ ነው ያጨበጨብኩት፤ አንደኛ እንደሚወጡ አውቅ ነበር። ለስድስተኛ ተነሥቼ አጨብጭቤ አላውቅም። እህትህ "ተቀመጪ፣ ከኋላ ያሉት አላዩም" እስክትለኝ ድረስ መነሣቴን አላወቅሁም ነበር። ከዚያ እሷም ተነሣች።

ሳላናግርህ የሄድኩት ባቡር እንዳያመልጠኝ ነው ልልህ ነበር። ግን አንተ አልዋሽም ብለህ ከጻፍክ እኔም አልዋሽህም። ባቡሩ ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር። እያለቀስኩ ስለነበር ነው፤ አርቢ ሲያለቅስ ደግሞ ገዢ ማየት የለበትም።

ግራ እጅህን ከሆድህ አርቅ። ቁጥር ሦስትን ሳምልኝ።

አርቢዋ